የማረሻን ቀለም ማንበብ፦ የባሌስትራ ብረት አጠንክሮ ማለዘብ

ሰኔ ሊገባ ሲል ጎጃም ውስጥ ገበያ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገበሬው ከጨዉም ከቡናውም በፊት የሚሄደው ባለእጁ ዘንድ ነው። ማረሻውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ይዟል። የአንዱ ጫፍ ታጥፏል። የሌላው ተሰብሯል። የሦስተኛው እንደ ሳሙና ተበልቶ አልቋል። የጤፍ ማሳ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ማረሻው ከከዳ ሰውም በሬውም ቆሞ ይውላል።

ማረሻ ከታጠፈ ብረቱ ለስላሳ ነው ማለት ነው። ከተሰበረ ጠንክሯል፣ ግን አልለዘበም፤ ማለትም ከጠነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ ሞቆ ተሰባሪነቱ አልተቀነሰለትም። ቶሎ ከተበላ ደግሞ ወይ ብረቱ ከመጀመሪያውም የሚጠነክር ዓይነት አይደለም፣ ወይ እሳት ላይ ተቃጥሏል። ለሦስቱም መላ አለው። የሚያስፈልገው እሳት፣ ዘይት፣ አንድ ማግኔትና ቀለም የሚለይ ዓይን ነው።

የኔ ሥራ የብረት ቅይጦችንና ስስ ሽፋኖችን ማጥናት ነው። ቅይጥ ስል ብረት ከካርቦን፣ ከክሮሚየም፣ ከማንጋኒዝና ከመሳሰሉት ጋር ሲዋሃድ ማለቴ ነው። ስስ ሽፋን ደግሞ በአንድ ነገር ገጽ ላይ ያረፈ፣ ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካ ንብርብር ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሽፋን የምንሠራው አየሩ ተመጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ቢቸና አካባቢ አንድ አረጋዊ ባለእጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ግን ያው ሽፋን በከሰልና በወናፍ ሲሠራ አየሁ። መሮ እያለዘቡ ነበር። ጀርባው ፍሙ ላይ ነው፣ የጸዳው ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቷል። ከወደ ጀርባው ፈዛዛ ቢጫ ተነሣና ወደ ጫፉ መሄድ ጀመረ። ከኋላው ቡናማ፣ ከቡናማው ኋላ ሐምራዊ ተከተለ።

«አያ፣ አሁን ይበቃዋል?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ ገና ገለባ ነው። ማር ይምሰል።»

ማር ሲመስል ውሃ ውስጥ ነከሩት። ሙቀት መለኪያ የላቸውም። ያነበቡት ከፀጉር ከሺህ እጥፍ በላይ የሚቀጥን ሽፋን ነው፤ ያነበቡትም በዓይናቸው ነው። ይህ ዕውቀት ከእሳቸው ጋር እንዲቀበር አልፈልግም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ዝናብ ካባራ በኋላ መናኸሪያ ውስጥ ውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ አይታችኋል። ቀስተ ደመና ይሠራል። ቀለሙ የናፍጣው አይደለም። ብርሃኑ ከፊሉ ከሽፋኑ ላይኛው ገጽ፣ ከፊሉ ከታችኛው ገጽ ተመልሶ ሲገናኝ አንዱ ቀለም ይጠፋል፣ ሌላው ይቀራል። የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው የሽፋኑ ውፍረት ነው።

ብረትም እንዲሁ ነው። የጸዳ ብረት አየር ላይ ሲሞቅ ገጹ ኦክስጅን ይይዝና የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ያበቅላል። ሽፋኑ ገና ስስ ሲሆን ሰማያዊው ብርሃን ይጠፋል፤ እኛ ቢጫ እናያለን። ሲወፍር አረንጓዴው ይጠፋል፤ ሐምራዊ ይመጣል። ይበልጥ ሲወፍር ቢጫውና ቀዩ ይጠፋል፤ ሰማያዊ ይቀራል። ይህ ሁሉ ጉዞ የሚያልቀው በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ውስጥ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 80,000 ናኖሜትር ይወፍራል።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ። ቀለሙ የሚነግራችሁ የሽፋኑን ውፍረት ነው። ሙቀቱን በቀጥታ አይነግራችሁም። በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ደቂቃ የቆየ ብረትና አንድ ሰዓት የቆየ ብረት አንድ ዓይነት ቀለም አይኖራቸውም። የቆየው ይጠቁራል። ሽፋኑ መጀመሪያ ቶሎ ያድጋል፣ ከዚያ እየዘገየ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ሽፋኑ ራሱ ብረቱንና ኦክስጅኑን ይለያያቸዋል። ክሮሚየም የበዛበት ብረት ደግሞ ቀለም የሚያወጣው ዘግይቶ፣ በከፍተኛ ሙቀት ነው። የማይዝግ ብረትን በዚህ መንገድ አለዝባለሁ ያለ ሰው ይሳሳታል።

ብረቱን መለየት

ለማረሻ የምወደው ባሌስትራ፣ ያ የመኪናን ጭነት የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት ነው። የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ ከ0.55 እስከ 0.65 በመቶ ካርቦን አለው። አንዳንዱ ላይ ወደ 0.8 በመቶ ክሮሚየም ይገኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ እስከ 2 በመቶ የሚደርስ ሲሊከን ይይዛል። ፌሮ ብረት ግን ካርቦኑ 0.2 ወይም 0.3 በመቶ ቢሆን ነው። ፌሮን ቀን ሙሉ ብታግሉት፣ ዘይትም ውሃም ብትነክሩት እንደ ባሌስትራ አይሆንላችሁም። ጥፋቱ የእሳቱ አይደለም፤ የሚጠነክርበት ነገር ውስጡ የለም።

ግራይንደር ካለ ብልጭታውን እዩ። የፌሮ ብልጭታ ረዥምና ቀጥ ያለ መስመር ነው። ጫፉ ላይ እምብዛም አይፈነዳም። ካርቦን ያለበት ብረት ብልጭታው አጠር ይልና ቅርንጫፍ እያወጣ እንደ አበባ ይፈነዳል። የማይዝግ ብረት አጭርና ብርቱካንማ ነው። ቀልጦ የተቀዳ ብረት ደግሞ ቀላ ያለና አጭር ብልጭታ ይሰጣል። ይህንን በጥላ ውስጥ፣ የምታውቁትን ብረት ከማታውቁት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሞክሩ። ብቻውን የታየ ብልጭታ ያታልላል።

ያገለገለ ባሌስትራ ሌላ ተንኮል አለው። መኪና ላይ ሚሊዮን ጊዜ ታጥፎ የተዘረጋ ስለሆነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ስንጥቅ ያለበትን ብትቀጠቅጡት ስንጥቁ አብሮ ማረሻ ይሆናል። ለዚህ የሚሆን አሮጌና ድንቅ ዘዴ አለ። ብረቱን አጽዱና ላምባ ቀቡት። ሩብ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ ላዩ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነስንሱ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይሰምራል። ያንን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት። አትሳሱ።

ዚንክ የተቀባ ብረት ፈጽሞ እሳት ውስጥ አይግባ። ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል።

የቀለም ናሙና መሥራት

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ማረሻውን ከመንካታችሁ በፊት ከዚያው ከባሌስትራው 15 ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ 2 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ቁራጭ ቁረጡ።

አንዱን ገጽ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። መጀመሪያ በሻካራው፣ በኋላ በለስላሳው። ፊታችሁ ድንግዝግዝ ብሎ እስኪታያችሁ ድረስ ፈትጉት። ከዚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። አሁን በጣታችሁ አትንኩት። ቀልድ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ መስታወት ላይ ሽፋን ላበቅል ስዘጋጅ መስታወቱን በአውራ ጣቴ ነካሁት። ሽፋኑ ሲወጣ የጣቴ አሻራ መሐሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ቀረ፤ የሁለት ቀን ሥራ ተበላሸ። የሰውነት ወዝ ብረት ላይም ያንኑ ያደርጋል። ቀለሙ ቦታ ቦታውን ይዘጋና ያልሆነ ነገር ታነባላችሁ።

የቁራጩን አንድ ጫፍ በጉጠት ይዛችሁ ሌላኛውን ጫፍ ፍም ላይ አድርጉ። ቀስ ብሎ ይሙቅ። ጥቂት ቆይቶ ቀለሞቹ ከፍሙ በኩል በተራ መሰለፍ ይጀምራሉ። ሰማያዊው ወደ መሐል ሲደርስ አውጡና ውሃ ውስጥ ክተቱት። አሁን በአንድ ብረት ላይ ሁሉንም ቀለም ይዛችኋል።

ከቀዝቃዛው ጫፍ ተነሥታችሁ አንብቡት። መጀመሪያ ፈዛዛ የጤፍ ጭድ ቀለም፣ ወደ 220 ወይም 230 ዲግሪ። ቀጥሎ ማር፣ ወደ 240። ከዚያ ቡናማ፣ ወደ 255። ሐምራዊ፣ ከ270 እስከ 280። ጥቁር ሰማያዊ፣ 295 አካባቢ። ከዚያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ከ310 በላይ። ግራጫ ከሆነ 330 አልፏል። እነዚህ ቁጥሮች ለተራ የካርቦን ብረት፣ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀት የሚሆኑ ናቸው። ክሮሚየም ያለበት ባሌስትራ ትንሽ ከፍ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ሙቀት መለኪያ ያላችሁ ሰዎች፣ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ፈትኑት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር 94 ገደማ ይፈላል። 100 ካላሳየ ብላችሁ ደህናውን መለኪያ እንዳትጥሉት። እንደ ሽጉጥ እየተደገነ ከሩቅ የሚለካውን ግን ለዚህ ሥራ አትመኑት። የጸዳና የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነቱ በጣም ዝቅ አድርጎ ያነባል።

ናሙናውን ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። በኋላ ማረሻውን ስታለዝቡ አጠገባችሁ ይሆናል።

ማጠንከር

ማረሻውን መቀጥቀጥና ቅርጹን ማውጣት የባለእጁ ሥራ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብረቱ እየበረደ ደብዘዝ ያለ ቀይ ከሆነ በኋላ መዶሻ አታሳርፉበት። ስንጥቅ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ አግላችሁ፣ ማግኔት አልስበውም ሲል እያወጣችሁ፣ ነፋስ የሌለበት ቦታ ላይ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ተዉት። መዶሻው ያጨናነቀው የብረቱ ውስጥ ይፍታታል። የውስጥ ቅንጣቶቹም ይደቃሉ።

አሁን ዋናው እሳት። የከሰል ምርጫ የየሰው ነው፤ እኔ ከአዊ፣ ከፋግታ ለኮማ በኩል የሚመጣውን የዲከረንስ (የግራር ዘመድ የሆነ ዛፍ) ከሰል እወዳለሁ። ቦታው ጥላ ይሁን። ፀሐይ ላይ የብረት ቅላት አይነበብም፤ ሁሌም የቀዘቀዘ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሰው ብረቱን ያቃጥላል።

ማግኔት ከተበላሸ ስፒከር ማውጣት ይቻላል። በሽቦ አንጠልጥሉት። ማረሻውን እያሞቃችሁ አልፎ አልፎ ጫፉን ወደ ማግኔቱ አስጠጉት። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል። ይህ የማይለወጥ የተፈጥሮ ምልክት ነው። የኛ ባሌስትራ የሚፈልገው ግን ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ወደ 830 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ማግኔቱ እንቢ ካለ በኋላ ቅላቱ አንድ ደረጃ እስኪደምቅ ቆዩ። ሁለተኛ ምስክር ከፈለጋችሁ ደረቅ ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ ከማረሻው ጋር እኩል በሞቀ ሌላ ቁራጭ ላይ ጣሉ። የገበታ ጨው በ801 ዲግሪ ይቀልጣል። ከቀለጠ አልፋችኋል። መነጽር አድርጉ፤ ጨው ይፈናጠራል።

በዚህ ሙቀት ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ ሟሙቶ ተበትኗል። ቀስ ብሎ ከበረደ ካርቦኑ ወጥቶ ቦታውን ይይዛል፣ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል። በድንገት ከበረደ ግን መውጫ ያጣል። እዚያው ተቀርቅሮ ይቀርና የብረቱን አቶሞች ይወጥራቸዋል። ይህ የተወጠረ ብረት በጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም ማርተንሳይት ይባላል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ውጥረት ነው። ስብራቱም እንዲሁ።

መንከሪያው ዘይት ይሁን፣ ውሃ አይሁን። ይህን በራሴ እጅ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የሠራሁትን ጥሩ የባሌስትራ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ከባልዲው ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳወጣው ከጫፉ ወደ መሐሉ ተሰንጥቋል። ውሃ ለእንዲህ ያለው ቅይጥ ከሚገባው በላይ ይፈጥናል።

ቢያንስ 5 ሊትር የምግብ ዘይት፣ ወፍራምና ጥልቅ የብረት ዕቃ ውስጥ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አልመክርም፤ ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው። ዘይቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቁት። የሞቀ ዘይት ስለሚቀጥን ቀዝቃዛው ካጠነከረው በላይ ያጠነክራል፤ ለሰሚው ግር ይላል፣ ግን እውነት ነው። የዕቃው የብረት ክዳን አጠገባችሁ ይሁን። ዘይቱ እሳት ከያዘ ክዳኑን ግጠሙ። ውሃ በጭራሽ አታፍሱበት። ልብሳችሁ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ማረሻው ሙሉ በሙሉ መጠንከር የለበትም። አፈሩን የሚቀደው ጫፉ ነው። ወገሉ የሚይዘው የጀርባው ክፍል መታጠፍና መመለስ ስላለበት ለስላሳ ይሁን። ስለዚህ ከጫፉ 6 ወይም 7 ሳንቲሜትሩን ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩ። ወደ ላይና ወደ ታች ትንሽ ትንሽ አንቀሳቅሱት። አንድ ቦታ ላይ ካቆማችሁት ዘይቱና አየሩ በተገናኙበት መስመር ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ማጉረምረሙ እስኪያቆም ጠብቁ። ጀርባው መቅላቱን ሲተው መላውን ክተቱት።

ሲወጣ ጫፉን በሞረድ ፈትኑት። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ካንሸራተተ ተሳክቷል። ከነከሰው አልጠነከረም፤ ሙቀቱ አንሷል ወይም ብረቱ ካርቦን የለውም። አሁን ማረሻው በጣም ተሰባሪ ነው። መሬት ላይ አትጣሉት። ለነገ ብላችሁም አታሳድሩት፤ ውጥረቱ ሌሊት ሊሰነጥቀው ይችላል። በዚያው ቀን አለዝቡት።

ማለዘብ

አዋቂ ባለእጅ ማጠንከሩንና ማለዘቡን በአንድ ትንፋሽ ያደርገዋል። ጫፉን ነክሮ ያወጣል፣ ጀርባው ገና ግሎ ሳለ ጫፉን በአሸዋ ድንጋይ ይፈትጋል፣ ከጀርባው ተመልሶ የሚመጣው ሙቀት ቀለሙን ሲያሰልፈው ያያል፣ ደርሷል ሲል ይነክረዋል። ማየት ደስ ይላል። ለጀማሪ ግን ሁለት ጊዜ ከፍሎ መሥራት ይሻላል። በተለይ በዘይት ስንነክር የቀረው ዘይት እየተቃጠለ የራሱን ቡናማ ቀለም ይቀባል። ያ ቀለም የኦክሳይድ ሽፋን አይደለም፤ ውሸት ነው።

ስለዚህ ቀዝቅዞ ሲያልቅ ዘይቱን በአመድና በሳሙና እጠቡ። ጫፉን እንደ ናሙናው በብርጭቆ ወረቀት አብርቁት። አድርቁት፤ አትንኩት።

ወፍራም የብረት ቁራጭ እሳት ውስጥ አቅሉና አውጡት። የማረሻውን ጀርባ እሱ ላይ አስቀምጡ። ጫፉ ወደ ውጭ ይሁን። ፍሙ ላይ በቀጥታም ይሆናል፣ ግን ነበልባልና ጭስ ቀለሙን ያምታታል። የብርሃኑ ነገር እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ለማግለል ጥላ ነበር የፈለግነው፤ ለቀለም ግን የቀን ብርሃን ያስፈልጋል። በር ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳያርፍበት። የአምፖል ብርሃን ሐምራዊውን ቡናማ አስመስሎ ሊሸውድ ይችላል።

አሁን ዓይናችሁን አትንቀሉ። ለብዙ ደቂቃ ምንም አይታይም። ከዚያ ድንገት የጭድ ቀለም ብቅ ይላል። ወደ ጫፍ እየሄደ ሲመጣ ጫፉ ስለሚቀጥን ይፈጥናል። ከፈጠነባችሁ አንሡት፤ ትንሽ ይተንፍስና መልሱት። ቀስ ያለ ሙቀት ነው የሚሻለው። ሰፊ የቀለም ቀበቶ ይሰጣችኋል። በፍጥነት ከሞቀ ቀበቶዎቹ ቀጫጭን ይሆኑና አንዱ ሌላውን ይረግጠዋል።

የት ይቁም? እንደ መሬቱ ነው። ዋልካ ላይ የሚያርስ ሰው ድንጋይ እምብዛም አያገኘውም። ጫፉ ላይ ቡናማ ሲደርስ ይበቃዋል፤ ጠንክሮ ስለቀረ ቶሎ አይበላም። ጭንጫ ላይ የሚያርስ ሰው ግን ማረሻው በየእርምጃው ድንጋይ ይመታል። ሐምራዊ አልፎ ጥቁር ሰማያዊ ይድረስ። ጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፣ ምቱን ግን ይችላል። እንጨት መጥረቢያ ሐምራዊ ላይ፣ ቢላዋ ጭድ ላይ ይቁም። ገበሬውን ሳትጠይቁ ቀለም አትምረጡ። «መሬትዎ ዋልካ ነው ጭንጫ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም መለኪያ ይበልጣል።

ቀለሙ ጫፍ ሲደርስ ወዲያው ውሃ ውስጥ ክተቱት። በዚህ ዝቅተኛ ሙቀት ውሃ አይሰነጥቀውም። ከዚያ እንደገና አብርቃችሁ፣ እዚያው ቀለም ድረስ ደግማችሁ አለዝቡት። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የተረፈውን ውጥረት ይለቃል። ሁሌም እደግመዋለሁ።

አንድ የምጠነቀቅበት ነገር አለ። አንዳንድ ቅይጥ ከ260 እስከ 370 ዲግሪ መካከል ሲለዝብ መቻሉ ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል። ሲሊከን የበዛበት ባሌስትራ ይህንን ጉዳት ወደ ላይኛው ሙቀት ይገፋዋል፤ ሌላው ግን ሰማያዊ ላይ ሊሰበር ይችላል። ባሌስትራው ላይ ስሙ አልተጻፈም። ስለዚህ ከያንዳንዱ አዲስ ባሌስትራ ሦስት ትናንሽ ቁራጮች ቁረጡ። ሦስቱንም አጠንክሩ። አንዱን ቡናማ፣ አንዱን ሐምራዊ፣ አንዱን ሰማያዊ አድርጉ። ሞርሳ ላይ አስራችሁ በመዶሻ ስበሯቸው። የቱ ብዙ ምት እንደቻለ ቁጠሩ።

ሲሰበሩ ስብራቱን እዩ። የተሰበረው ፊት ግራጫ ሆኖ እንደ ሐር ለስላሳ ከሆነ ሙቀታችሁ ትክክል ነበር። እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ሻካራ ቅንጣት ካያችሁ እሳቱ በዝቷል። ቅንጣቶቹ አድገዋል። እንደዚያ ያለ ማረሻ ቀለሙ ምንም ቢያምር ይሰበራል። መፍትሔው ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለት ሦስት ጊዜ አግሎ በአየር ማብረድ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ማጠንከር ነው።

ከዝገት መጠበቅ

ያ ውብ ሰማያዊ ሽፋን ዝገትን ብዙም አያስቆምም። በጣም ስስ ነው። ማረሻው በበጋ ተሰቅሎ የሚቀመጥ ከሆነ እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚያሟሹት ብረቱንም ማሟሸት ይቻላል። ጥቂት የኑግ ዘይት በጨርቅ ቀቡ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፤ ስስ ሆኖ ይቅር። እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ቀስ ብላችሁ አሙቁት። ዘይቱ ይደርቅና ጠንካራ ሽፋን ይሆናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከ200 አይለፍ፤ አለዚያ ያለዘባችሁትን መልሳችሁ ታበላሹታላችሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው ባለእጆቻችን ዘንድ ነው፤ እኛ ግን ዘመናት «ቡዳ» እያልን ነው የኖርነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ጆሮ ላይ ይገባል። ልጆቻቸው ወናፉን ትተው የሚሸሹት ሥራው ከብዷቸው ብቻ አይደለም። ናሙናችሁን ይዛችሁ ወደ አንድ ባለእጅ ሂዱ። የትኛውን ቀለም ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቁ። ጻፉት። የሥራ ጊዜያቸውንም ክፈሉ።

ማረሻው ከአንድ ክረምት በኋላ ጫፉ ደንዝዞ ሲመለስ በግራይንደር ብቻ አትሳሉት። ግራይንደሩ ቀጭኑን ጫፍ በሰከንዶች ውስጥ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሰማያዊ ያደረገው ቦታ ለዝቧል ማለት ነው። በትንሹ የደነዘዘ ከሆነ በሞረድ ወይም ውሃ እያጠጣችሁ በድንጋይ ሳሉት። ብዙ ከተበላ ግን እሳት ውስጥ ገብቶ መቀጥቀጥ አለበት። ያኔ የቀደመው ጥንካሬም ልስላሴም በእሳቱ ይጠፋል። ማግኔቱን ከሽቦው ጋር አውርዱ፣ ዘይቱን አሙቁ፣ ናሙናውን አጠገባችሁ አኑሩና እንደገና ጀምሩ።